ኮርኒሱ ላይ ያሉት



ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር፣ ጉለሌ የምንኖር ሰዎች ከዝናቡ ሌላ የምናውቀው ድምፅ አለ። የሚሰማው ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ነው። መጀመሪያ ከጥግ አንድ ነገር ይቧጥጣል። ቀጥሎ ኮርኒሱን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ሩጫ ይመጣል፤ ከዚያ ጸጥታ፤ ከዚያ ቅርጥፍ፣ ቅርጥፍ። ኮርኒሳችሁ ችፑድ ከሆነ ድምፁ ደረቅ ነው። ማዳበሪያ ከሆነ ግን የሚረግጡበት ቦታ ሁሉ ከሥር ጎበጥ ጎበጥ ሲል ይታያችኋል። ልጆች ሳለን እኔና ወንድሜ ተንጋለን በጣታችን እየተከተልን "ይኼኛው ያንተ፣ ያኛው የኔ" እያልን እናሽቀዳድማቸው ነበር።

"ኡስታዝ፣ በጁሙዓ ቀን ስለ አይጥ?" የምትሉ አትጠፉም። ታገሡኝ። ዓመት ሙሉ ዕዳ ሆኖብኝ የከረመ ጉዳይ አለኝ፤ የሚጀምረውም ከነሱ ነው።

በፈረንጅ አገር አይጥ ቤት የምትገባው ብርዱ ሲመጣ ነው። የኛዋ የምትገባው ዝናቡ ሲመጣ ነው። ሽሮ ሜዳን አልፎ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ተዳፋት ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ይላል፤ የሐምሌና የነሐሴ ሌሊት ያንቀጠቅጣል፤ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍም መሬት ላይ ያገኘውን ጉድጓድ ሁሉ ይሞላል። ከአጥር ሥር፣ ከወንዝ ዳር፣ ከባሕር ዛፍ ሥር ጉድጓድ ምሳ የምትኖር ፍጥረት ውኃ ሲገባባት የት ትሂድ? ዝናብ የማይደርስበት፣ የከሰል ሙቀት ያለበት፣ ጤፍ የሚንጠባጠብበት ቦታ የኛ ቤት ነው። የጭቃ ቤት ደግሞ በክረምት ይረጥብና ምርጊቱ ይለቃል፤ ከማገሩ ጋር ክፍተት ይፈጠራል። ትንሿ የቤት አይጥ ስድስት ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነች፣ እርሳስ በምታስገባ ቀዳዳ ትሾልካለች። ጭንቅላቷ ካለፈ ሰውነቷም ያልፋል።

አራት ኪሎ ባዮሎጂ ስማር ካስደነቁኝ ነገሮች አንዱ የአይጥ የፊት ጥርስ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ማደግ አያቆምም። ካልፋቀችው መብላት እስኪያቅታት ይረዝምባታል። እኔ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ የምትቀረጥፈው ለክፋት ይመስለኝ ነበር። ሌላው ደግሞ አገራችን በአይጥ ዓይነት ሀብታም መሆኗ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኙ ብዙ ዝርያዎች አሉን፤ የባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮ የሚኖረው እነሱን በልቶ ነው። የዱሮቹ አብዛኞቹ ቤታችንን አይመኙም። ከላያችን ያለው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ብቻ ከ700 ሄክታር በላይ ነው፤ ለነሱ በቂ ነው። ኮርኒስ ላይ የሚሮጡት በአብዛኛው ከሰው ጋር ዓለምን የዞሩት ጥቁሩ አይጥና ትንሿ የቤት አይጥ ናቸው። ተመራማሪዎች እንደሚሉት የቤት አይጥ ወደ ሰው መጠጋት የጀመረችው ከዛሬ 15,000 ዓመት ገደማ በፊት በሻም ምድር ነው። ሰው ገና እርሻ አልጀመረም ነበር፤ አንድ ቦታ መቀመጥ መጀመሩ ብቻ በቅቷታል። እንግዲህ ቤት ከሠራን ጀምሮ ብቻችንን ኖረን አናውቅም ማለት ነው።

ይህን ያልኩት እንድታዝኑላት ብቻ አይደለም። ሽሮ ሜዳ አንድ ሸማኔ ወዳጅ አለኝ። ለሠርግ የታዘዘ ጥበብ ጨርሶ አጣጥፎ ተኝቶ፣ ሲነጋ ጠርዙ ተበልቶ አገኘው። እሱን "እንደኛው የአላህ ፍጥረት ናት" ብትሉት አይሰማችሁም፤ ባይሰማችሁም አይፈረድበትም። ሽንቷና ኩሷም በሽታ ያስተላልፋል። ሸሪዓችንም እዚህ ላይ አልተለሳለሰም። ቡኻሪና ሙስሊም ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲሥ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሐረም ውስጥ እንኳ ቢገደሉ ወንጀል የለውም ካሏቸው አምስት እንስሳት አንዷ አይጥ ናት፤ ከቁራ፣ ከጭልፊት፣ ከጊንጥና ከተናካሽ ውሻ ጋር። የሚታደን አውሬ በማይነካበት፣ ዛፍ በማይቆረጥበት በዚያ ምድር እሷ ትገደላለች።

ስሟን ግን ልብ በሉ። "ፉወይሲቃ" ነው ያሏት፤ "ትንሿ ፋሲቅ" እንደ ማለት። ፋሲቅ ሲባል ዛሬ የሚታየን ኃጢአተኛ ሰው ነው። በዐረብኛ የቃሉ ሥር መውጣት ነው፤ ቴምር ከልጣጩ ሲወጣ ዐረቦች በዚሁ ቃል ይገልጹት ነበር። (ቂርአት ቤት ያደገ ሰው ቃል ሳይፈታ ማለፍ አይችልም፤ ይቅር በሉኝ።) አይጥ ኃጢአት የለባትም። ሕግ አልወረደላትም፣ የቂያማ ቀን ስለ ጥበቡ ጠርዝ አትጠየቅም። ከጉድጓዷ ወጥታ ስለምታበላሽ ነው ስሙ የተሰጣት። ስለዚህ እንድንገድላት የተፈቀደልን ጥፋቷን ለመከላከል ነው። በቀል ለሚጠየቅ ነው እንጂ ለሷ አይደለም።

ጥፋቷ ምን እንደሆነም ተነግሮናል። ማታ ዕቃችንን እንድንከድን፣ በር እንድንዘጋ፣ መብራት እንድናጠፋ ሲያዙን ምክንያቱን ጨምረው ነግረውናል፦ ያቺ ፉወይሲቃ የመብራቱን ክር ጎትታ ቤቱን በሰዎቹ ላይ ልታቃጥል ትችላለች። ዛሬ ክሩ ሽቦ ሆኗል። የሰፈራችንን ኮርኒስ ገልጦ የተወሳሰበውን የኤሌክትሪክ ገመድ ያየ ሰው ሐዲሡ ለጉለሌ የተነገረ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ አንብቤው ያላስተዋልኩት ነገር ግን አለ። በዚህኛው ሐዲሥ ውስጥ ግደሉ የሚል የለም። ትእዛዙ ሁሉ ለኛ ነው፤ መክደን፣ መዝጋት፣ ማጥፋት።

እኔ አልከደንኩም፣ ቀዳዳም አልዘጋሁም። ካቻምና ክረምት ከመርካቶ የአይጥ ሙጫ ገዛሁ። ካርቶን ላይ ተቀብቶ የሚሸጠውን ታውቁታላችሁ፤ ርካሽ ነው፣ ደም የለው፣ ሽታ የለው። ማታ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩት። ለሱብሒ ስነሳ የሰባት ዓመት ልጄ ቀድማኝ ተነስታ ወጥ ቤት ቁጢጥ ብላለች።

"አባዬ፣ ታለቅሳለች" አለችኝ።

አይጧ በሆዷ ተጣብቃለች። ለመላቀቅ ስትታገል ጉንጯም ተይዟል። አንድ እግሯን ራሷ ነክሳዋለች። ስትያዝ ከእኩለ ሌሊት በፊት ከነበረ ከአምስት ሰዓት በላይ እንደዚያ ቆይታለች። ልጄን ወደ መኝታ ቤት ላክኋትና በአካፋ ገላገልኳት። ከዚያ ዉዱእ አድርጌ ሰገድኩ። ምን እንደቀራሁ ግን አላስታውስም።

የሚሞት ነገር ላይ ኢሕሳን ምን ማለት እንደሆነ ለደረሶቼ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ! የምትገድሉ ከሆነ አገዳደላችሁን አሳምሩ የሚለው ትምህርት በሶሒሕ ሙስሊም ያለ ነው። አነስ (ረ.ዐ) ወጣቶች ዶሮ አስረው ዒላማ ሲያደርጓት አይተው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንስሳ ታስሮ እንዳይገደል መከልከላቸውን ነግረዋቸዋል። ሙጫው ከዚያ ገመድ በምን ይለያል? ገመዱን የያዘ ሰው ቢያንስ አጠገቧ ቆሟል፤ እኔ ተኝቼ ነበር። እንግሊዝ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ይህን ሙጫ ያለ ፈቃድ መጠቀምን ከልክላ፣ ክልከላውም ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጸንቷል። እኛ ሐዲሡን በቃላችን የያዝን ሰዎች ከሱቅ እንገዛዋለን።

ሙጫውን ጣልኩት። ልቤ ለስላሳ የሆነ መስሎኝ ደስም ብሎኝ ነበር። ነገር ግን በቀጣዩ ክረምት ያደረግሁትን ስሙ፤ መርዝ ገዛሁ። ሮዝ የተቀባ እህል ነው። ከኮርኒሱ ጥግ አፈሰስኩት፤ በሦስተኛው ቀን ሩጫው ቀነሰ፣ በሳምንቱ ጠፋ። የሚጮህ የለ፣ የሚታይ የለ፣ ልጄም ምንም አልጠየቀችኝ። ዛሬ ሳስበው ሙጫውን የጠላሁት አይጧ ስለተሠቃየች ሳይሆን ስቃይዋን ስላየሁት ነበር። መርዙን የወደድኩት ስለማላየው ነው።

እንዲህ ያለው መርዝ የሚሠራው ደም እንዳይረጋ በማድረግ ነው። አይጧ ወዲያው አትሞትም። ውስጥ ውስጡን እየደማች ቀናት ትቆያለች፤ ትደክማለች፣ ፍጥነቷ ይቀንሳል፣ ትደናበርና በቀን ብርሃን ወደ ውጭ ትወጣለች። የደከመች አይጥ ደግሞ ለድመት የቀረበ ማዕድ ናት። አባቶቻችን አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ። እኔ ቤት የተመታችው የእማማ ድመት ናት።

እማማ ከኛ ጋር ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤት ናቸው። ክርስቲያን ናቸው፤ እናቴ ስትታመም ሌሊት አብረዋት ያደሩ፣ ለዒድ ልጆቻችንን አዲስ ልብስ ሲያዩ ከኛ ይልቅ የሚደሰቱ። ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል። ቤት ውስጥ የቀረችው ውሮ ነበረች፤ ስሟም ውሮ ነው፣ ሌላ ስም አላወጡላትም። ነሐሴ ላይ ሁለት ቀን ጠፍታ በሦስተኛው ቀን ከአጥሩ ሥር አገኟት። አፍንጫዋ ደም ነበረው። የቀበርኳት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

"ምን አገኘብኝ?" አሉኝ አፈሩን እያየን።

"አላህ ያውቃል፣ እማማ" አልኳቸው።

ቃሉን መርምሩት። አንዲት ሐሰት የለበትም። ቁርኣን የሐፈዘ ምላስ ያወጣው፣ በማንኛውም ቦታ ቢነገር ትክክል የሆነ ቃል ነው። ያኔ ግን መሸፈኛ አደረግሁት። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ "አላህ ያውቃል" ሲል ስሰማ የሚደብቀው ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ይህ የኔ በሽታ ነው።

ራሴን ለማሳመን የተማርኩትን ሁሉ ተጠቀምኩ። አይጥ መግደል የተፈቀደ ነው፤ በተፈቀደ ሥራ ላይ ድመቷ በራሷ መጣች። አላሰብኩም፣ ኒያዬ አይደለም። ደግሞ በሷ ሞት የኔ መርዝ መሆኑ በምን ይታወቃል? ማካካሻ ልክፈል ብልስ፣ ዑለማኦች በድመት ዋጋ ላይ ተለያይተዋል፤ መሸጧን የፈቀዱ ብዙ ናቸው፣ ከዋጋዋ የሚከለክል ሐዲሥ ይዘው ያልፈቀዱም አሉ። ዋጋ ከሌላት ምን እከፍላለሁ? ይህን ሁሉ ይዤ በወሎ ወዳስቀሩኝ ሸኽ ደወልኩ። ጉዳዩን በሦስተኛ ሰው አደረግሁት፤ "አንድ ሰው መርዝ ቢያስቀምጥና..." አልኳቸው። ሸኹ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ይህ ሰውዬ" አሉኝ፣ "ፈትዋ ነው የሚፈልገው ወይስ መደበቂያ?"

ቂርአት ቤት እያለን እሳቸው ዘንድ የጠሃራን ምዕራፍ ስንቀራ፣ አይጥ ቅቤ ውስጥ ብትሞትስ የሚለው መስአላ ላይ በጣም እንስቅ ነበር። ቡኻሪ ከእናታችን መይሙና (ረ.ዐ) የዘገቡት ነው። መልሱ ቀላል ነው፤ እሷንና ዙሪያዋን አውጥታችሁ ጣሉ፣ የቀረውን ብሉ። ቅቤው በሙሉ አይደፋም፣ ጉዳቱ እስከደረሰበት ድረስ ብቻ ይወሰዳል። ያን ጊዜ ስለ ቅቤ የተነገረ ብቻ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን መርዙን ሳስብ የሚያስጨንቀኝ "ዙሪያዋ" የምትለው ናት። በአካፋ የመታኋት አይጥ ዙሪያ የለውም፤ ሞቱ እሷ ላይ ይቆማል። ያፈሰስኩት እህል ግን ከኮርኒሱ ወደ አይጧ፣ ከአይጧ ወደ ድመቷ፣ ከድመቷ ወደ እማማ ቤት ሄደ። ዙሪያው የት ጋ እንደሚያልቅ እስከ ዛሬ አላየሁም። የተሰጠኝ ፈቃድ ለአይጧ ነበር። ለሌላው ማን ፈቀደልኝ?

ድመት አስራ ስላስራበቻት ሴት የሚነገረውን ሐዲሥ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሴትየዋ የተወቀሰችው አላበላችም፣ ደግሞም ከምድር ተንቀሳቃሽ ፍጥረታት እንድትበላ አለቀቀቻትም ተብሎ ነው። እንግዲህ የድመት ሪዝቅ የት እንዳለ ሐዲሡ በዚያው ነግሮናል፤ በምድር ላይ በሚርመሰመሰው ውስጥ ነው፣ አይጧም ከዚያው ናት። ያቺ ሴት ድመቷን ከሪዝቋ ከለከለቻት። እኔ አልከለከልኩም፤ ሪዝቋን መርዤ ፈቀድኩላት። ልዩነታችን ኒያ ነው፤ በኒያ ላይ ተስፋዬን አልቆርጥም። ነገር ግን ኒያ ለአላህ የሚቀርብ እንጂ ለእማማ የሚቀርብ አይደለም። የሳቸው ሐቅ እሳቸው ጋ ነው ያለው።

ያለፈው ጁሙዓ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሄድኩ። ፍልሰታ ስለሆነ ከቅዳሴ ገና መመለሳቸው ነው፤ ቡና ሊያፈሉ ከሰል እያያያዙ ነበር።

"ሼኪ፣ ግባ፣ ዝናቡ ሳይመጣ" አሉኝ።

ቆሜ ነው የተናገርኩት፤ ከተቀመጥኩ ወሬ ጀምሬ እንደምወጣ አውቃለሁ። "እማማ፣ አምና ውሮን የገደላት እኔ ያስቀመጥኩት የአይጥ መርዝ ይመስለኛል። ሲጠይቁኝ እየጠረጠርኩ ዝም አልኩዎት። ይቅር ይበሉኝ።"

ማራገቢያቸውን አስቀመጡት።

"አንተ ብቻ ነህ እንዴ ያስቀመጥከው?" አሉ። "ልጄም ገዝቶ ከቁም ሣጥኑ ሥር አድርጎልኝ ነበር። እኔስ በገዛ እጄ ገደልኳት ብዬ ስንት ሌሊት አልቅሻለሁ! ለማንም አልተናገርኩም፣ አፍሬ።"

ተቀመጥኩ። ቁጣም ይቅርታም ጠብቄ ነበር፤ ይህን አልጠበቅሁም። የማን እህል እንደገደላት አሁንም አናውቅም፤ ወደፊትም አናውቅም። የገባኝ ግን ሌላ ነው። ዓመት ሙሉ በአንድ ግድግዳ ወዲያና ወዲህ ሁለታችንም ያንኑ ነገር ለየብቻችን ተሸክመን ነበር። የሳቸው ሸክም ያን ቀን በአጥሩ ሥር፣ አፈሩን እያየን፣ በአንዲት ቃሌ ሊቀልል ይችል ነበር። ስለ ድመቷ ዕዳ ስከራከር የከረምኩት ሰው ይኼኛውን ዕዳ አልቆጠርኩትም።

ሁለተኛው ቡና ላይ እማማ ብድግ ብለው ቡፌውን ግፋ አሉኝ። ከኋላው፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ የአውራ ጣት የምታህል ቀዳዳ አለች፤ ጠርዟ በእግር ብዛት ለስልሷል። ወደኛ ወጥ ቤት ነው የምትወጣው። በኛ በኩል የማገዶ ክምር ስለሸፈናት አይቻት አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ከሱቅ ድስት የምንፈትግበትን የብረት ሽቦና ሩብ ኪሎ ሲሚንቶ ገዛሁ። ሽቦውን አይጥ አትቀረጥፈውም ይላሉ። እሳቸው በዚያ በኩል በባትሪ እያበሩ፣ እኔ በዚህ በኩል በሆዴ ተኝቼ እጠቀጥቃለሁ። ልጄ ሲሚንቶውን ታቀብለኛለች።

"ብርሃኑ ይታይሃል?" ይላሉ።

"ይታየኛል።"

"አሁንስ?"

"አሁንም ትንሽ አለ፣ እማማ።"

ኮርኒሱ ላይ ግን ትናንት ሌሊትም ሲሮጡ ነበር። የቆርቆሮው ጠርዝ ገና ነው፤ እሱን ዝናቡ ጋብ ሲል እወጣበታለሁ። መልካም ጁሙዓ።